የሚልክያስ ቀሪ ውርርድ

ሬሳው ሲገኝ የስልኩ መብራት ገና አልጠፋም ነበር።

ሐሙስ ማታ የጀመረው ዝናብ ከዳሞታ ተራራ ጎርፍ ይዞ ወርዶ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ፈፋ ሞልቶ፣ ዓርብ ንጋት ላይ አባራ። ውሃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ከእንሰቱ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ ነጭ ብርሃን አየች። ሰው ጥሎት የሄደ ስልክ መሰላት። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ብርሃኑ ፈፋው ውስጥ በተደፋ ሰው ጀርባ ላይ አረፈ።

ኢንስፔክተር ብርነሽ ስትደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሰፈርተኛው በፈፋው ግራና ቀኝ ቆሟል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህን ነው። ሬሳ ፊት የሚያለቅስ ሲጠፋ፣ ወይ ሟቹን የሚያውቀው የለም፣ ወይ የተቀየመው ብዙ ነው።

«ማነው?»

«ሚልክያስ ነው» አለ አንዱ። «የሒሳብ መምህሩ። የበሬ ማኅበራችን ሳጥን እሱ ቤት ነው ያለው።»

ጭንቀቱ ለሰውየው ሳይሆን ለሳጥኑ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

ለጡረታው ስምንት ወር የቀረው ሳጅን አንጁሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ፈፋው ውስጥ ገብቷል። «አዳልጦት ነው፣ አለቃ። በዚህ ጭቃ እኔም ራሴ እዚሁ ልቀር ነው።»

«በፊቱ ነው የተደፋው?»

«በፊቱ።»

«ቁስሉስ?»

አንጁሎ የሟቹን ማጅራት አየ። «ከኋላ ነው» አለ። ከፈፋው እስኪወጣ ድረስ አልቀለደም።

ብርነሽ ስልኩን ተቀበለች። ዝናብ እንዳይገባው በላስቲክ ተጠቅልሏል። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ አድሮ ሊሞት ምንም አልቀረውም። መንገዷን አየቻት፤ ከዋናው መንገድ ወርዳ፣ በሦስት መሸጋገሪያ ድንጋይ ፈፋውን ተሻግራ ወደ ቤቶቹ የምትወጣ ቀጭን መንገድ ናት።

«ሚልክያስ ይቺን መንገድ ያውቃታል?»

«እዚሁ ተወልዶ!» አለች ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ሴት። «ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድባታል።»

«ታዲያ ለማን ነበር የሚያበራው?»

ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። የተቆለፈው ስክሪን ላይ በትልቁ ተጽፏል፦

*ሚልክያስ፣ በርታ! ዕድልህ እየጠበቀህ ነው። ቀሪ ውርርድ፦ 7,100,000 ብር።*

* * *

የሟቹ ቤት ከፈፋው መቶ እርምጃ አይርቅም። ሚስቱ ፋና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች፤ በዙሪያዋ ሰው ሞልቷል፤ የያዛት ግን የለም። ሁሉም ያፈጠጠው መሬት ላይ የተቀመጠው የእንጨት ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ሦስት ጓጉንቸር አለው።

ብርነሽ እንዲህ ዓይነት ሳጥን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዘጠኝ ቤት ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እያዋጣ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በሬ ይገዛል፤ ሥጋውን ዘጠኝ ላይ ይካፈላል። ይህ ማኅበር ገንዘቡን ባንክ አያስገባም፤ ያልታየ ገንዘብ አይታመንም ባዮች ናቸው። በየወሩ መጨረሻ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ሳጥኑን ከፍተው ብሩን ለሁሉም ያሳያሉ። ቁልፍ ያዥ ሲሞት፣ እጁ ንጹሕ ከሆነ ቁልፉ ለቤቱ ይተርፋል። ካልሆነ ጓጉንቸሩ በሰው ፊት በመጋዝ ይቆረጣል።

«ክፈቱት» አለች።

የሚልክያስ ቁልፍ ከኪሱ ተገኝቷል። ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ጌታነህ ነው፤ ባጃጅ ነጂ፣ አንገተ ደንዳና፣ ሌሊቱን ያልተኛ የሚመስል። ሦስተኛዋ ወይዘሮ አስካለች፣ የቅቤ ነጋዴዋ፣ ቁልፏን ከሟች ባሏ የወረሰች፤ ከአንገቷ በክር አውጥታ ነው የከፈተችው። ከእጇ ቀድሞ የቅቤ ሽታ ደረሰ።

ሳጥኑ ባዶ ነበር።

ጫጫታው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ። «ዘጠና ስድስት ሺህ!» «በላው! መምህር ተብሎ!» «ስልኩ ላይ ሲቆምር አይቼዋለሁ!» አንዱ ሮጦ መጋዝ አመጣ። ፋና ያኔ ነው ከግድግዳው የተላቀቀችው።

«ባሌን አልቀበርኩትም! መጀመሪያ ልቅበረው፣ ከዚያ ቁረጡ!»

«ማንም አይነካውም» አለች ብርነሽ። «ጓጉንቸሮቹ ማስረጃ ናቸው።»

ሰዉ እያጉረመረመ ሲወጣ ፋና እጇን ያዘቻት። «ሌባ ብለው ነው የሚቀብሩት። ልጄ የሌባ ልጅ ሊባል ነው። ገዳዩን ብታገኚልኝ ባታገኚልኝ አላውቅም፣ እህቴ፤ ስሙን ግን ባዶ ሳጥን ውስጥ ትተሽብኝ እንዳትሄጂ።»

ብርነሽ ማጽናናት አታውቅበትም። ሦስቱን ጓጉንቸሮች አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። አንዱም አልተሰበረም፤ አንዱም አልተፋቀም።

«ጋሼ አንጁሎ» አለች ሲወጡ። «ሦስት ቁልፍ የሚከፍተውን ሳጥን አንድ ሰው እንዴት ባዶ አደረገው?»

* * *

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለ። አንድ ምት፣ ከላይ ወደ ታች። መሣሪያው ክብ ጠርዝ ያለው ብረት፣ ስፋቱ ከእጅ መዳፍ ያነሰ። ምቱ ግን አልገደለውም። «ሳንባው ውስጥ ውሃ አለ። ራሱን ስቶ ወድቆ ነው የሰጠመው። ጉልበት እስኪደርስ በማይሞላ ውሃ።»

ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች። አሥር ሰዓት ላይ በራ።

*ሚልክያስ፣ በርታ! ቀሪ ውርርድ፦ 6,840,000 ብር።*

ማስታወቂያ ነው ብላ አለፈችው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና በራ። 6,690,000። ከዚያ 6,510,000።

አንጁሎ ሻዩን አስቀመጠ። «ቁጥሩ እየቀነሰ ነው።»

«አየሁት።»

«ውርርድ የሚቀንሰው ሰው ሲወራረድ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ሬሳ ክፍል ነው፤ ስልኩ እኛ ጋ ነው። ታዲያ ማነው የሚጫወተው?» ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ። «አጥፊው፣ አለቃ። በክርስቶስ አጥፊው።»

አላጠፋችውም። ያረጀ ፋይል ጀርባ ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን መጻፍ ጀመረች።

* * *

በሰፈሩ ሰውን ለስልክ ቁማር እያስመዘገበ ኮሚሽን የሚበላው ኤልሳዕ ይባላል፤ ኳስ ማሳያ አዳራሽ አለው። ሐሙስ ማታ የት እንደነበር ሲጠየቅ ሳቀ። «እዚሁ። ጨዋታ ነበረ። አርባ ሰው አይቶኛል፤ ሃያው ሰድቦኛል፣ መብራት ስለጠፋ።» እውነቱን ነበር፤ አንጁሎ አጣርቷል።

«ሚልክያስን አንተ ነህ ያስመዘገብከው?»

«እኔ ነኝ። ተማሪ ቤት አስተምሮኛል፤ በኔ ሊንክ ቢገባ ምን ነውር አለው?»

«ቀሪ ውርርድ ምንድነው?»

ኤልሳዕ ቁማር ሲያስረዳ እንደ ሰባኪ ነው። «ቦነስ ማለት፣ ኢንስፔክተር፣ የኪራይ ሙሽራ ልብስ ነው። ይለብሱታል፣ ፎቶ ይነሱበታል፤ የእርስዎ ግን አይደለም። ዘጠና ስድስት ሺህ ካስገቡ ሌላ ዘጠና ስድስት ሺህ ይጨመርልዎታል። ስክሪኑ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ያሳያል። ለማውጣት ግን መጀመሪያ ጠቅላላውን አርባ ጊዜ መወራረድ አለብዎት። በሠላሳ ቀን ውስጥ።»

«የራሴንስ ገንዘብ?»

«ቦነሱን የተቀበሉ ዕለት የራስዎም አብሮ ታስሯል።»

«ይህ የት ተጽፏል?»

«ከታች። በእንግሊዝኛ። በትንንሹ።»

«ለሰዎቹ ትነግራቸዋለህ?»

«ማን ይጠይቀኛል?»

«ሲከስሩ ካስገቡት ስንት ይደርስሃል?»

ኤልሳዕ ሳቁን አቆመ። ብርነሽ ወደ መኪናው ሄደች።

ፋና የሰጠቻት የሚልክያስ የትምህርት ዕቅድ ደብተር መኪናው ውስጥ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ሐሙስ ተብሎ፣ ለተማሪ እንደሚጻፍ ጥርት ባለ እጅ፣ እንዲህ ይላል፦

*192,000 × 40 = 7,680,000*

*ቁማር ቤቱ የሚያስቀረው ከ100 ብር 4 ብር።*

*7,680,000 × 4 ÷ 100 = 307,200*

*ያለን 192,000።*

ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከመስመሩ በታች፦ *እሑድ ለዘጠኙም ቤት እናገራለሁ። አስቀድሜ ለሁለቱ።*

ብርነሽ ደብተሩን ጭኗ ላይ እንደዘረጋች ቆየች። ሰውየው መጀመሪያ ማስላት የነበረበትን መጨረሻ ላይ አስልቶታል። ውርርዱ ከማለቁ በፊት ገንዘቡ እንደሚያልቅ የገባው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ማታ ሞተ።

«ሁለቱ» አለች ጮክ ብላ። ጎኗ ላይ ስልኩ በራ።

* * *

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ቅቤ ተራው ውስጥ አስካለች ኮባ ላይ የተደረደረ ቅቤዋ መሀል፣ ሚዛኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መሪ ናት፤ የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላታል።

«ነይ ልጄ። ቅመሽ፣ ከቢጠና የመጣ ነው፣ አይጎመዝዝም።»

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ አስካለች። ሐሙስ ማታ የት ነበሩ?»

«ከገበያ በባጃጅ ገባሁ። ዝናቡ ሳይጀምር። ጌታነህ ነው ሁልጊዜ የሚያደርሰኝ፣ እስከ ደጄ።»

አንዲት ሴት መጥታ ሁለት ኪሎ ለጋ ጠየቀች። አስካለች የአንድ ኪሎዋን ብረት አስቀምጣ መዘነች፤ አወረደች፤ ደግማ በዚያችው ብረት መዘነች። ሴትዮዋ ቅቤውን በኮባ አስጠቅልላ ሄደች።

«ሚልክያስ የማኅበሩን ገንዘብ ሲወስድ አላወቁም?»

«ሰው ምን ያውቃል።» ቅቤውን በመዳፏ አለሰለሰችው። «ስልኩ አንቺ ጋ ነው አሉ። ለሚስቱ መልሺላት፣ ፎቶው አለበት። ለቅሶ ቤት ፎቶ የለም፤ ያሳዝናል።»

ጌታነህን ባጃጅ ተራው ጋ አገኙት። ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። «ሐሙስ? አስካለችን አድርሼ፣ ቤቴ ገባሁ፣ ተኛሁ። እሷን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። እሷም እንደዚያው አለች።»

ትከሻው ሲላላ ታየው ለአንጁሎ። «ሸክም የወረደለት ይመስላል» አለ በኋላ። «ግን የምን ሸክም?»

ከሰዓት በኋላ ሚልክያስ ተቀበረ። ፋና፣ ሁለት መምህራንና የልጁ የክፍል ጓደኞች ነበሩ። ከዘጠኙ ቤት አስካለች ብቻ መጣች። አልቅሳለች። ብርነሽ ከሩቅ ሆና አይታታለች፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

የሟቹ ስልክ ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀመረ።

* * *

እሑድ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል በላይ በላዩ ሲበራ ቆይቶ ቀጥ አለ። ከስድስት ተኩል በኋላ ቀጠለ። 4,120,000። 3,900,000። ብርነሽ ቤቷ ይዛው ሄዳለች፤ ማንም ያላዘዛት ነገር ነው። የሞተ ሰው ሲሠራ ማየት ምን እንደሚመስል ቢጠይቋት አትመልስም ነበር። የሚያስፈራት መብራቱ አይደለም፤ ትጋቱ ነው። በማይቋረጥ፣ በማይቸኩል ምት፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ በሚልክያስ ስም ይለፋል።

ሰኞ ማለዳ አንጁሎ ጌታነህን ከነባጃጁ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ከባጃጁ መሪ ሥር ያወጣውን የተጨማደደ ወረቀት ዘረጋ። የአረካ ከተማ ከብት ገበያ ደረሰኝ ነው። አንዲት ጊደር። የሐሙስ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

«አረካ ሆነህ እዚህ ሶዶ ላይ ሰው ታደርሳለህ?» አለ አንጁሎ። «ምን ዓይነት ባጃጅ ናት ይህቺ፣ ክንፍ አላት?»

ጌታነህ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማርያምን አልገደልኩትም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለች ብርነሽ። «ጊደሯን ለምን ሸጥክ?»

«ሰው ሳያውቅ ሳጥኑ ውስጥ ልመልስ።»

«ሳጥኑን ማን ከፈተው?»

እጆቹን ከፊቱ ላይ አወረደ። «ሦስታችን» አለ በመጨረሻ። «ሦስታችንም ነን የከፈትነው። የዘንድሮ በሬ በመቶ ሃምሳ ሺህ አይገኝም። ሚልክያስ ‹መቶ ፐርሰንት ይጨምራሉ፤ ይጨምሩልን፣ በማግስቱ እናወጣለን› አለ። ስናስገባ እዚያው ዓይናችን እያየ እጥፍ ሆነ። ስክሪኑ ላይ። ማኅበራችን ያየውን ነው የሚያምነው፣ ኢንስፔክተር። አየነው።»

«ከዚያስ?»

«አልወጣም አለ። ‹ተወራርዳችሁ ጨርሱ› ይላል። ሚልክያስ ይጫወት ጀመር። እንደ ሳጥኑ ይሁን ብሎ በሦስታችንም ስልክ ከፍቶልናል፤ ማየትም መጫወትም ይቻላል። ማውጣት ግን በሱ ቁጥር የሚመጣ ኮድ ይፈልጋል።»

«ዓርብ ዕለት ሌባ ሲሉት ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። አስካለችም ዝም አለች። ዓርብ በሰፈሩ አደረሰኝ ማለቷን ስሰማ፣ ስለኔ ብላ የዋሸች መሰለኝ። የሄድኩበትን እንዳልጠየቅ ብዬ እኔም ዋሸሁ።»

«ከሐሙስ ወዲህ ተጫውተሃል?»

«እኔ?» ስልኩን አውጥቶ እንደ እሳት ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ከሞተ በኋላ ቁጥሩ ሲወርድ አየሁ። እሱ መስሎኝ ነበር። ዕዳውን ሳይጨርስ አላርፍ ያለ መስሎኝ… ሦስት ቀን አልተኛሁም።»

ያኔ፣ የጌታነህ እጆች ጉልበቱ ላይ እንዳሉ፣ ስልኩ ፊታቸው ተኝቶ እያለ፣ የሚልክያስ ስልክ በራ።

*ቀሪ ውርርድ፦ 3,020,000 ብር።*

አንጁሎ አማተበ፤ ፕሮቴስታንት መሆኑን ረስቶ።

ብርነሽ የፋይሏን ጀርባ ገለበጠች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዝም። እሑድ ከሁለት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ዝም። ገበያና ቤተ ክርስቲያን። ሁለት ኪሎ ቅቤ፣ በአንድ ኪሎ ብረት፣ ሁለት ጊዜ።

«መኪናውን ያስነሱ፣ ጋሼ።»

* * *

በሩ ገርበብ ብሏል። አስካለች መደብ ላይ ተቀምጣ፣ በግራ እጇ የወተቱን እንስራ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች። በቀኝ አውራ ጣቷ ጭኗ ላይ ያለውን ስልክ ትጫናለች። ስክሪኑ ላይ ሎሚና ደወል ይሽከረከራል። ሁለቱም እጆቿ በአንድ ምት ነው የሚሠሩት።

«ግቢ ልጄ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ምኑ?»

«መናጡ።» ቀና አላለችም። «ሚልክያስ ያስረዳኝ እንደዚያ ነው። ‹እማማ፣ ገንዘቡን አርባ ጊዜ መናጥ አለብን፤ ከዚያ ነው የሚወጣው› አለኝ። እኔ ሌላ ባላውቅ መናጥ አውቃለሁ። የሚሰለቸው ነው ቅቤ የማያገኘው።»

ከጣሪያው አግዳሚ ላይ በኮባ የተጠቀለሉ አምስት የቅቤ ድቡልቡሎች ተንጠልጥለዋል። መጠናቸው አንድ ነው። የአራቱ ገመድ ልል ነው፤ የአምስተኛው ገመድ ተወጥሮ አግዳሚዋን አጉብጧታል። ብርነሽ ከሥሩ መዳፏን አስገብታ አነሳችው።

«ይህ ለጊፋታ ነው?»

አውራ ጣቷ ቆመ። እንስራው ግን በራሱ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ።

አንጁሎ ድቡልቡሉን አውርዶ በቢላ ሰነጠቀው። ቢላዋው ብረት ነካ። የሁለት ኪሎው መመዘኛ፣ ክቡ፣ ቢጫ ቅቤ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ጠርዙ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገር ጭቃ አልነበረም፤ ደም ነበር።

«በባጃጅ አልገቡም» አለች ብርነሽ። «ጌታነህ አረካ ነበር። ሚዛንዎንና ብረትዎን በዘምቢል ይዘው፣ በእግርዎ፣ በዝናብ መጡ። ሚልክያስ መንገድ ላይ ጠበቀዎት።»

«ሊነግረኝ ነው የጠበቀኝ።» ድምጿ አልተለወጠም። «‹እማማ፣ ይሄ ገንዘብ አይደለም፤ ቁጥር ነው› አለኝ። በዓይኔ እያየሁት፣ ልጄ! መቶ ሰባ አንድ ሺህ። ቁጭ ብሎ። ‹አይወጣም፤ በተጫወትን ቁጥር ያልቃል፤ እሑድ ለሁሉም እንናገር› አለኝ። ሌባ ሌላ ምን ይላል? አየሁት፤ አለ፤ እሱ ግን የለም ይለኛል። ለብቻው ሊበላው ነው አልኩ።»

«እውነቱን ነበር የነገረዎት።»

«የባሌ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይዞታል፤ አንድ ብር አልጎደለበትም። እሑድ ጓጉንቸሩን በሰው ፊት በመጋዝ ሊቆርጡት ነው ብዬ…» ቁልፉን በነጠላዋ ላይ ዳሰሰችው። «ፈፋው ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ አበራልኝ። ‹ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ድንጋይዋ ትንሸራተታለች› አለኝ። ድንጋይዋን እያሳየኝ ነበር።»

አንጁሎ ብረቱን በላስቲክ ጠቀለለው።

«ከዚያ መብራቱ አልጠፋ አለኝ» አለች አስካለች። «ወርጄ ላጥፋው አልኩ፤ ጎርፉ መጣ። ቤት ገብቼ በመስኮት ሳየው አደርኩ።»

«ከዚያ ቁጭ ብለው መጫወት ጀመሩ።»

«ጨርሼ ለዘጠኙም ቤት ልመልስ። ለፋናም ድርሻዋን። አንቺንም ስልኩን መልሺ ያልኩሽ ለዚያ ነው፤ ኮዱ እንዲመጣ።» ሳታስበው አውራ ጣቷ ስክሪኑን ነካ። ብርነሽ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም። ሎሚው ተሽከረከረ። ደወል፣ ሎሚ፣ ባዶ። ሌላ አንድ። ባዶ።

*ሒሳብህ፦ 0.00 ብር። ቀሪ ውርርድ፦ 2,904,000 ብር። ሚልክያስ፣ አሁኑኑ ገቢ አድርግና አዲስ ቦነስ አግኝ!*

አስካለች ስልኩን አገላበጠችው፤ ጀርባውን አየች። እንስራ ውስጥ እንደሚያዩ ጠጋ ብላ አየችው።

«ቅቤውስ?» አለች። «ቅቤው የት ሄደ?»

* * *

ጊፋታ ሲደርስ ከዘጠኙ ቤት በአንዱም በሬ አልታረደም። ከሌሎቹ ግቢዎች የዘፈን ድምፅና የጢስ ሽታ ይመጣል፤ ልጆች በየበሩ «ዮዮ ጊፋታ» እያሉ ይሮጣሉ። ስምንቱ ቤት በፋና ቤት ተሰብስቧል፤ ሳጥኑ መሀል ነው። ብርነሽ ከአቃቤ ሕግ ለአንድ ቀን ያስፈቀደችውን ስልክ በላስቲክ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ፋና የባሏን ፎቶዎች እንድታይበት ነው።

ጌታነህ መጋዙን ራሱ ነው ያመጣው። የጊደሯን ብር ሳጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ መጀመሪያ የራሱን ጓጉንቸር ቆረጠ። ላቡ እየተንጠባጠበ የአስካለችን ቆረጠ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እኛ ሦስታችንም ከፈትን» አለ ለሁሉም። «እናገራለሁ ያለው እሱ ብቻ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ የሚልክያስን ቁልፍ አንስቶ በሁለት እጁ ለፋና ሰጣት። የተጨበጨበ ነገር የለም። ሁለት ሴቶች ብቻ ተነስተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ አንዷ ዘግይታ ማልቀስ ጀመረች፤ ከሦስት ሳምንት በፊት መለቀስ የነበረበትን።

ብርነሽ ስልኩን ለፋና ሰጠች። ፋና ገና ፎቶዎቹን ሳትከፍት እጇ ላይ በራ።

*ዮዮ ጊፋታ፣ ሚልክያስ! ናፍቀኸናል። ለአንተ ብቻ የተዘጋጀ 100% የበዓል ቦነስ! መልእክት መቀበል ካልፈለግህ ምክንያቱን ጻፍልን።*

ፋና ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እነዚህ አልሰሙም?» አለች።

«የሚሰማ ሰው የለም እዚያ» አለች ብርነሽ።

ፋና በቀስታ፣ ፊደል በፊደል፣ *ሞቷል* ብላ ጻፈች። ላከችው። መልሱ ለመምጣት አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም።

*እናመሰግናለን፣ ሚልክያስ! አስተያየትህ ተመዝግቧል። ቦነስህ ለ24 ሰዓት ይጠብቅሃል።*

ፋና አላለቀሰችም። በቁልፉ ሳጥኑን ከፍታ ስልኩንና የጌታነህን ብር ውስጡ አስገባች፤ ክዳኑን ደፋች፤ ብቻዋን በቀረችው ጓጉንቸር ቆለፈችው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ብርነሽ ማስረጃ ነው ማለት ነበረባት። «ነገ እወስደዋለሁ» አለች።

ልትወጣ ዘወር ስትል ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ሳጥኑ ዞረ። በሳጥኑ ጣውላ ስንጥቅ ነጭ ብርሃን ወጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና ወጣ።